ሎሚው ማክሰኞና አርብ ይመጣል

ስሙን አንዴ ነግሮን ነበር፤ አልያዝኩትም። ሎሚው ያለችው እህቴ ናት። ነርስ ነው። ከሥራው ሲወጣ ቤት ለቤት እየዞረ ቫይታሚን ሲ በደም ሥር ይሰጣል። ከረጢቱን ብርሃን እንዳያበላሸው በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሎ መጋረጃ ዘንጉ ላይ ያንጠለጥለዋል። መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ፣ ዘንጉን የሰቀልኩት እኔ። ሁለት ሰዓት ይንጠባጠባል። ከዚያ መርፌውን ነቅሎ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ "በርቺ እህቴ" ብሎ ይሄዳል።

"በርቺ ይለኛል እንዴ?" ትላለች እህቴ በሩ ሲዘጋ። "እኔ ተኝቻለሁ። የሚንጠባጠበው ይበርታ።"

እህቴን ሰው ሁሉ ፊሽካ ነው የሚላት። የስፖርት አስተማሪ ነበረች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የኔ ታናሽ። ድምጿ ከደከመ ወዲህ ፊሽካዋ አንገቷ ላይ ነው። አንዴ ከነፋች ውሃ። ሁለቴ ከነፋች ሽንት ቤት። ሦስቴ ከነፋች፣ ያለሽበትን ጥለሽ ነይ።

የቆሽት ካንሰር ነው። ስኳሩም ከዚያው የመጣ ነው። ኢንሱሊን የምወጋት እኔ ነኝ። ጣቷን እወጋለሁ፣ ደሟን ማሽኑ ላይ አስነካለሁ፣ ቁጥሩን ቁም ሳጥኑ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር አያለሁ። ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ ይህን ያህል፣ ከሦስት መቶ በላይ ይህን ያህል፣ ከአራት መቶ በላይ አሥራ ሁለት ዩኒት። ማሰብ የለበትም። በዚያ ሰሞን ማሰብ የሌለበት ነገር ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ዶክተሯ "ኪሞው አልያዘላትም፤ ከዚህ በኋላ ሕመሟን ማስታገሱ ላይ ነው የምንሠራው" ስትለን ወንድማችን ከክፍሉ ወጥቶ ሄደ። ታላቃችን ነው፣ ጋሼ ነው የምንለው፣ ሚኒባስ ይነዳል። በሦስተኛው ቀን ከጋራዥ ወሬ ይዞ መጣ።

"የመካኒኩ ሚስት ሞታ ነበር። አሁን ገበያ ትሄዳለች።"

"ሞታ ነበር?"

"ልትሞት ነበር! ምን ቃል ትሰነጥቂያለሽ? ቫይታሚን ሲ ነው ያዳናት። የሚዋጠው አይደለም። በደም ሥር፣ በግራም።"

እንደ ሎሚ ጭማቂ ያለ ነገር ካንሰር ያድናል ብሎ ሰው ቢነግረኝ ድሮ እስቅ ነበር። አልሳቅኩም። የሚሰምጥ ሰው ገለባ ይጨብጣል ይሉ የለ? እኔ ገለባው የት እንደሚሸጥ ነበር የጠየቅኩት።

ዶክተሯ ዘንድ ሁለታችን ሄድን። ከሥራ የተሰረቀ ሰዓት ነበር። መጋረጃ ቤት ነው የምሠራው፤ ያን ቀን የአንድ አዳራሽ አሥራ ሁለት መስኮት መጋረጃ እናስረክባለን። ቦርሳዬን ከትከሻዬ አላወረድኩም።

ዶክተሯ የእህቴ እኩያ ናት። አልተቆጣችም። "ብርቱካን በልታ የምታገኘውና ይሄ አንድ አይደለም" አለች። "በአፍ ሲሆን አንጀት ከተወሰነ በላይ አያሳልፍም። በደም ሥር ሲሆን ግን ብርቱካን የማያደርሰው ቦታ ይደርሳል። እዚያ መጠን ላይ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በሳህን ላይ፣ የካንሰር ሴል ሲገድል ታይቷል።"

"አየሽ!" አለኝ ጋሼ።

"ሳህን እህትህ አይደለችም" አለችው ዶክተሯ።

ጋሼ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

"አንዳንዱ በሽተኛ ድካሙ ቀለል ይለዋል" አለች ዶክተሯ። "ትንሽ ይበላል። ጥናቶቹ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ ተስፋ ይሰጣል፣ ሌላው ምንም አላገኘም። ዕድሜ ያራዝማል ብዬ አልፈርምላችሁም። ባዶ ነው ብዬም አልምልም። እኔ አላዝም።"

"አትከለክይንም?" አልኩ።

"ብከለክል ትሰሙኛላችሁ?"

ጋሼ ወለሉን አየ። እኔ ሰዓቴን።

"እንግዲያው መጀመሪያ ኩላሊቷን አስመርምሩ። ጠጠር ያመጣል። ሁለተኛ፣ አንድ ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱ ላይ የደም ሴል ያፈነዳል። ሁለቱንም ምርመራ እጽፍላችኋለሁ። ሦስተኛ፣ ስኳር ስላለባት በጣት የምትለኩበት ማሽን..."

"ስኳሯን የምይዘው እኔ ነኝ" አልኩና ተነሳሁ። "አንድ ቀን እንኳን አልሳትኩም።" ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩ። ከኋላዬ "ቆይ" ያለች መሰለኝ። አሥራ ሁለት መስኮት እየጠበቀኝ ነው። ጋሼን በክንዱ ጎትቼ ወጣሁ።

ኩላሊቷ ደህና ነው አሉ። ኢንዛይሙም አለ። ሎሚው መጣ።

መጀመሪያ በትንሹ ጀመረ፣ ከዚያ ሃያ አምስት ግራም፣ ከዚያ ሃምሳ። በሁለተኛው ሳምንት ፊሽካ ሾርባ ጠጣች። ሙሉ ሳህን። ጋሼ ባዶውን ሳህን ይዞ ደጅ ወጣ፤ ለጎረቤት ሊያሳይ ነው መሰለኝ። አንድ ጠዋት ተነስታ መስኮቱ ጋ ቆመች፤ መንገድ ላይ የሚሄደውን ሰውዬ "ጉልበት ከፍ!" ብላ ጮኸችበት። ሰውዬው ደንግጦ ጉልበቱን ከፍ አደረገ። የዚያን ቀን ሳቅን። ከወራት በኋላ መሳቃችን ነው። ሎሚውን ልስመው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ። ሎሚው በመጣ ቁጥር ስኳሯ ይወጣል። ሦስት መቶ አርባ። ሦስት መቶ ዘጠና። ሎሚውን ጠየቅኩት።

"ሰውነቷ መርዙን እያጠበ ነው፤ ይረበሻል። አትጨነቂ። ከመድኃኒቱ በኋላ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ትጠጣ፣ ያግዘዋል።"

ስኳሯ ወጥቶ ጭማቂ? አልኩ በሆዴ። ግን ሾርባውን ያመጣ እሱ ነው። ወረቀቱ እንዳለው ወጋሁ፣ ጭማቂውንም ሰጠሁ። ከዚያ ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ትተኛለች። "እየሠራ ነው" ይላል ጋሼ። "እየሠራ ነው" እላለሁ እኔ።

አንዴ ፊሽካ ልትነግረኝ ጀምራ ነበር። "አንቺ፣ ኢንሱሊኑ ከገባ በኋላ እኮ..."

"እሺ እሺ፤ ጭማቂሽን ጠጪ፤ ሥራ ረፍዶብኛል።"

ጠጣች።

መጋረጃ ቤቱን የሚያስተዳድሩት እትዬ መቀስ ናቸው። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ መቀሳቸውን ሰው አይነካም። አንድ ደንብ አላቸው። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ሜትራችንን ከአንገታችን አውልቀን ጠረጴዛው ላይ ካለው የብረት ማስመሪያ ጋር እናስተያያለን። የጨርቅ ሜትር ሲሳብ ሲሳብ ይለጠጣል። አንድ ሜትር ይልሻል፤ አንድ ሜትር ከሁለት ጣት ይሆናል። የዚያን ሰኞ የኔ ተለጥጦ ተገኘ። የሰፋሁት መጋረጃ ተሰቅሎ ወለል እየጠረገ ነው።

"እትዬ፣ ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ" አልኳቸው።

"በዚያው ሜትር?"

"በዚያው።"

"መቶ ጊዜ ብትለኪበትስ ምን ያደርጋል? ሜትሩ እንዲህ አለ አትበይኝ። ጨርቁ ምን ሆነ? መሬት ነካ። በቃ።" ሜትሬን በመቀሳቸው ለሁለት ቆርጠው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። "ይሄን ሰሞን ሐሳብሽ እዚህ አይደለም፣ ልጄ። አውቃለሁ። ግን ፍቺው።"

ፈታሁት። ጠርዙን በሙሉ።

የዚያን ሳምንት አርብ ጋሼ ሎሚውን ሰባ አምስት ግራም ስጣት አለው። ፊሽካ ሐሙስ ሾርባዋን ሳትጠጣ መልሳ ነበር፤ ጋሼ አላስቻለውም። "ሃምሳ ይሄን ካደረገ ሰባ አምስት ያነሳታል" አለ። እኔም አልተቃወምኩም። እውነቱን ለመናገር ምነው መቶ ባደረገው ብያለሁ።

ለምሳ ስመጣ ሎሚው ወጥቷል። ጋሼ ሚኒባሱን አቁሞ አጠገቧ ተቀምጧል። ለካሁ። አራት መቶ ሠላሳ ስምንት። አሥራ ሁለት ወጋሁ።

"ጭማቂሽ።"

"አይወርድልኝም። ያቅለሸልሸኛል።"

"ኋላ ስጣት" አልኩት ጋሼን። ቆሜ አንድ ቁራጭ ዳቦ ጎርሼ ተመለስኩ።

ማሽኔ ላይ ተቀምጬ አንድ ጠርዝ ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ።

"ስኳሯ ቁጥር አልፏል!" ጋሼ ነው። "ማሽኑ ቁጥር ትቶ ፊደል ጻፈ!"

ፊደል ማለት ከስድስት መቶ በላይ ነው። መመሪያው ላይ አለ። እግሬ ከፔዳሉ ተንሸራተተ።

"ጭማቂ ሰጠሃት?"

"አልጠጣም አለች። ደግሞ ስኳሯ እንዲህ ሆኖ ጭማቂ ልስጣት?"

"አትስጣት። አሥራ ሁለት ሞልተህ ጠብቀኝ። አንተ አትውጋ፤ መጣሁ።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ሙላ ያልኩት እኔ ነኝ።

በእግር አሥር ደቂቃ ነው። በስንት እንደደረስኩ አላውቅም። ደረጃው ላይ ድምጿን ሰማሁ፤ ትስቃለች። የምስራች መሰለኝ።

ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ግን እኔን አያየኝም።

"ሰልፍ ያዙ!" አለችኝ። "ክንድ ልክ! አንቺ ረጅሟ፣ ወደ ኋላ!"

"ፊሽካ፣ እኔ ነኝ።"

"ወደ ኋላ አልኩ!" ሳቀች። ፊሽካውን አፏ ውስጥ ከተተች፣ ጉንጯን ነፋች። ድምፅ የለም። ደግማ ነፋች። የለም። ምራቅ ብቻ።

"ያዥ!" ጋሼ መርፌውን ዘረጋልኝ። "ቶሎ በይ!"

ተቀበልኩት። ክዳኑን በጥርሴ ነቀልኩ። የሌሊት ልብሷን እጅጌ ልሰበስብ ስል እምቢ አለ፤ ክንዷ ላይ ተለጥፏል። ሳብኩት። እርጥብ ነው። ከውሃ የወጣ ይመስል እርጥብ። ጀርባዋን ነካሁ። እርጥብ። ቆዳዋ በረዶ።

ስኳሯ እንደታወቀ ሰሞን አንዲት ነርስ ያስተማረችኝ አለ። ከፍ ሲል ይደርቃሉ፣ ውሃ ውሃ ይላሉ። ዝቅ ሲል ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሰው ይስታሉ።

"እንደገና ለካ" አልኩት።

ለካ። ፊደል። ጥሩ አድርጎ፣ ጉልህ አድርጎ፣ ፊደል።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ማሽኑ ይላል እኮ!"

እጅጌውን ጨመቅኩት። ጠብ አለ። ጨርቁ ምን ሆነ? መሬት ነካ።

መርፌውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት።

"ስኳር አምጣ።"

"ምን?"

"ስኳር! ከወጥ ቤት! ጣሳውን!"

አልተንቀሳቀሰም። ራሴ ሮጥኩ። ጣሳውን ይዤ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ያዘኝ፤ በሁለት እጁ፣ በትከሻዬ።

"ከስድስት መቶ በላይ ነው! ስኳር ትሰጫታለሽ? ትገያታለሽ!"

"ልቀቀኝ ጋሼ።"

"አብደሻል! ሁለታችሁም..."

ነከስኩት። ታላቅ ወንድሜን፣ አርባ ስምንት ዓመቱን፣ አውራ ጣቱ ሥር ነከስኩት። ለቀቀኝ።

ፊሽካ በጎኗ ወድቃለች። ጥርሷን ገጥማለች። ውሃ ብሰጣት ያንቃታል። ጣቴን በምራቄ አርሼ ስኳር ውስጥ ነከርኩ፣ በከንፈሯና በድዷ መሃል አሸሁ። ደግሜ። ደግሜ። ጋሼ በሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ይዞ ያለቅሳል። "ገደልሻት፣ ገደልሻት" ይላል፣ ቀስ ብሎ። እኔም ገድያት ይሆናል። እርግጠኛ አልነበርኩም። ይሄን ማንም አይወቅብኝ፤ እርግጠኛ አልነበርኩም። እያሸሁ የምለምነው ማንን እንደሆነም አላውቅም፤ ማሽኑ ውሸታም ይሁን፣ ውሸታም ይሁን፣ ነበር የምለው።

ከስንት በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ መንጋጋዋ ላላ። ምላሷ ጣቴን ነካ። ላሰችው።

"አሸዋ አበላሽኝ" አለች።

ጋሼ ብድግ አለ። በብርድ ልብስ ጠቅልለን ሚኒባሱ ውስጥ አስገባናት። ጭኔ ላይ አድርጌ መንገዱን ሁሉ ስኳር አላስኳት። ጋሼ መብራት ሁሉ ጥሷል።

ሆስፒታል ከደም ሥሯ ደም ወሰዱ። በዚያው ደቂቃ የኛን ማሽን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጣቷን ለካሁ። ዶክተሯ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፈቻቸው። የኛ ማሽን፣ አምስት መቶ አሥራ ሁለት። የላብራቶሪው፣ አርባ አንድ።

"ያን ሁሉ ስኳር ልሳ ነው አርባ አንድ" አለች። "ያን መርፌ ወግተሻት ቢሆን..."

ይሄን ዓረፍተ ነገር ራሷ ቆረጠችው።

"ሁሉም ማሽን አይደለም፤ የናንተ ዓይነቱ ግን ቫይታሚኑ ስኳር ይመስለዋል። ብዙ ሲሰጥ ብዙ ስኳር ያያል። ለሰዓታት፣ አንዳንዴ እስከ ማግሥቱ። ያን ቀን ልነግርሽ..."

"አውቃለሁ" አልኩ። ከዚያ ደነገጥኩ። እንደገና አቋረጥኳት። "ይቅርታ። ጨርሺ።"

"ጨረስኩ እኮ። ይሄው ነበር።"

አንድ ደቂቃ አይሞላም። ያን ቀን ብቆም ኖሮ አንድ ደቂቃ አይሞላም ነበር።

አምስት ሳምንት፣ አሥር ከረጢት። የመጀመሪያዎቹን ልተው። ሰባት ጊዜ፣ ማሽኑ ሰባት ጊዜ ዋሽቶኝ፣ ሰባት ጊዜ ወግቻታለሁ። ያዳናት የሎሚው ጭማቂ ነው፤ እሱም ለምን እንደሚያዛት ሳያውቅ።

ፊሽካ ማታውኑ ነቃች፣ ቅዳሜ ተቀመጠች። ጋሼ እጁን በፋሻ አስሮ እግሯ ሥር ቆሟል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ውሻ ነከሰኝ።"

"ትልቅ ውሻ?"

"ረጅም። ወደ ኋላ ተሰለፊ ብትያት እምቢ አለች።"

ሳቀች፤ ሲያማት አቆመች። ወደኔ ዞረች። "ላቡን ልነግርሽ ነበር እኮ። በየጊዜው ጭልም ይልብኝ ነበር። እየሠራ ነው ስትሉ... ደስ ብሏችሁ ነበር። ሁለታችሁም። ታዲያ ምን ልበል?"

ጋሼ ወጣ። እኔ አንሶላውን አስተካከልኩ። የተስተካከለ አንሶላ ነበር።

እሁድ ወደ ቤት መለሱን። አዲስ ማሽን ሰጡን። ያ ግን ቆሽቷን አይነካውም። ዶክተሯ የሆዷን ፎቶ መብራት ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ሎሚው ከመጣ ወዲህ እብጠቱ አድጓል። ሾርባውም እውነት ነበር፣ መስኮቱም እውነት ነበር፣ እሱም አድጓል።

ማክሰኞ ሎሚው መጣ። ጋሼ ደውሎ ነግሮታል፤ ቢሆንም መጣ። ጥቁሩን ከረጢት በብብቱ ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ እግሩን አይቶ፣ "ስለ ማሽኑ አላውቅም ነበር። በናታችሁ፣ አላውቅም ነበር" አለ። ልሰድበው ያዘጋጀሁት ነበር። አፌ ላይ ደረቀ። እኔስ መቼ አወቅኩ?

ፊሽካ በእጇ ጠራችው። "ሎሚው፣ ና። አልተቀየምኩህም። ሾርባ አጠጥተኸኛል።" አረፈች። "ግን በቃኝ። መርፌ በቃኝ። ማክሰኞና አርብ ሁለት ሁለት ሰዓት ታስሬ ነው የምውለው። ያን አራት ሰዓት ስጡኝ። ልጠቀምበት።"

"በምን?" አለ ጋሼ።

"በምንም። መስኮት አያለሁ። እሷ ከሥራ መጥታ ዳቦዋን ተቀምጣ ስትበላ አያለሁ።"

ጋሼ ግድግዳውን በደህናው እጁ መታና ወጣ። ታች የሚኒባሱ በር ሲዘጋ ሰማን፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም።

ሎሚው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። በሩን ልዘጋ ብዬ ነው። አይደለም። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ክንዱን ያዝኩት።

"አዲስ ማሽን አለን" አልኩት። "እሱ አይሳሳትም። የደም ሥሯን ደምም ላብራቶሪ አስመረምራለሁ፤ ጠዋትና ማታ። ኢንሱሊኑን አንተው በምትለው ጊዜ እሰጣለሁ። በትንሹ፣ በሃያ አምስት እንጀምር፤ ስትተኛ፣ ሳታውቅ..."

"እህቴ..."

"ሾርባ ጠጥታለች! አንተ አይተሃል!"

አየኝ። ልመና ምን እንደሚመስል የዚያን ጊዜ ከፊቱ ላይ አነበብኩት። የሱ ሳይሆን የኔ። ከረጢቱን ከብብቱ አወጣ፣ ላስቲኩን ነካካ። እሺ ሊል ነው። አፉን ከፈተ። "እንግዲያው በመጀመሪያ ሳምንት..."

ከላይ ፊሽካ ተነፋ። አንዴ። ቆየ። ሁለቴ። እጄ ክንዱ ላይ እንዳለ ጠበቅኩ። ሎሚው ያወራል፤ ግራም ይላል፣ ሰዓት ይላል። ሦስተኛው ፊሽካ አልነበረም። ትንፋሽ ነበር። ሰማሁት ግን።

ሎሚውን ወሬው መሃል ላይ ትቼው ደረጃውን ወደ እሷ ወጣሁ።